ለመስቀል የሚላከው ገንዘብና በመንገድ የሚቀረው



መስከረም በወሎ ምድር በዓል የሚደራረብበት ወር መሆኑ የታወቀ ነው። ዘመን መለወጫ በ1፣ መስቀል በ17፣ የግሸን ደብረ ከርቤ ክብረ በዓል ደግሞ በ21 ስለሚውሉ፣ ሦስት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ታላላቅ በዓላት ይከበራሉ። ሰላም በሰፈነባቸው ዓመታት ወደ ግሸን አምባ የሚጓዘው ምእመን አብዛኛው በደሴ በኩል ያልፋል። ገሚሱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ገሚሱ በኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ እየወረደ የደሴን ዳገት ይያያዘዋል። በዚህ ወቅት በከተማይቱ ከቧንቧ ውሃ እስከ ፒያሳ፣ ከሸዋ በር እስከ ሰኞ ገበያ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ዘመድ ወይም ከባሕር ማዶ የተላከ ገንዘብ የማይጠብቅ ቤት ብዙ አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ ገንዘብ ላይ ነው። በበዓል ቀን ስለ ገንዘብ ማንሣት ነውር የሚመስላቸው ወገኖች እንዳሉ አላጣሁትም። ነገር ግን የበዓሉ በግ የሚገዛው፣ የዝክሩ ጠላ የሚጠመቀው፣ ለደብሩ የተሳለው ስለት የሚገባው በዚሁ ገንዘብ ነው። ከላኪው እጅ የወጣው ሁሉ ደሴ የማይደርስ ከሆነ፣ የጎደለው የት እንደቀረ መጠየቅ የሚያስነውር አይመስለኝም።

በመሠረቱ ገንዘብ ድንበር ሲሻገር መቀነሱ የዛሬ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ይገበያዩበት የነበረው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር፣ በየትኛውም ዓመት ቢቀረጽ 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመተ ምሕረት የታተመበት ሲሆን፣ ነጋዴው በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉትን ጌጦች እየቆጠረና እየዳሰሰ የተፋቀውንና የደበዘዘውን በቅናሽ ይቀበል ነበር። ከአፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ ጨውም እንዲሁ ነው። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር በአንድ ጠገራ የሚገኘው የአሞሌ ቁጥር እያነሰ ይሄዳል። ሆኖም የዚያን ዘመን ሰው የቀነሰበትን በዓይኑ ያይ፣ በጣቱም ይቆጥር ነበር። ዛሬ የሚቀነሰው ግን በማይታይ ስፍራ ነው፤ የልዩነቱ ሥር ይኸው ነው። ደሴ ለባንክ ሥራ እንግዳ ከተማ አይደለችም። በ1923 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ባንክ ከጣሊያን ወረራ በፊት ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ነበረች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የመስኮቶቹ ቁጥር እጅግ በዝቷል፤ ደንበኛው ስለሚከፍለው ዋጋ የሚሰጠው ማብራሪያ ግን እምብዛም አልበዛም።

በመጀመሪያ ከውጭ አገር ለበዓል የሚመጣውን ዘመድ እንመልከት። ይህ ሰው በኪሱ የያዘው የባንክ ካርድ በዋሽንግተንም በደሴም ያው ካርድ ይመስለዋል። በደሴ ከቆመው የገንዘብ መክፈያ ማሽን ብር ሲያወጣ ግን ከሂሳቡ ላይ እስከ ሦስት እጆች ሊያርፉ ይችላሉ። አንደኛው የካርዱ ድርጅት ነው፤ ቪዛም ሆነ ማስተርካርድ ብሩን ወደ ዶላር የሚመነዝረው በራሱ የዕለት ዋጋ ነው። ሁለተኛው ካርዱን የሰጠው የውጭ አገር ባንክ ሲሆን፣ «የውጭ ግብይት ክፍያ» በሚል ስም ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 በመቶ ይጨምራል፤ በዚህም ላይ በሌላ ባንክ ማሽን በመጠቀም ለያንዳንዱ ወጪ የተቆረጠ ክፍያ የሚያስከፍል አለ። ሦስተኛው የማሽኑ ባለቤት የሆነው ባንክ ነው፤ እርሱም የራሱን የአገልግሎት ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል።

ከሦስቱ ይበልጥ የሚጎዳው የተቆረጠው ክፍያ ነው፤ ምክንያቱም ትንሽም ቢወጣ ብዙ ያው ነውና። ለስሌት እንዲመች አንዱን ዶላር 140 ብር እናድርገው። እንግዳችን 4,000 ብር ቢያወጣ ከ28 ዶላር ተኩል በጥቂት ይበልጣል። ባንኩ ለአንድ ጊዜ ወጪ 5 ዶላር የሚቆርጥ ቢሆን፣ በዚህች ገንዘብ ላይ ከ17 በመቶ በላይ ከፈለ ማለት ነው። ለዘመን መለወጫ አንድ ጊዜ፣ ለመስቀል አንድ ጊዜ፣ ለግሸን ጉዞ አንድ ጊዜ ቢመላለስ 15 ዶላር፣ ማለትም 2,100 ብር በመንገድ ላይ ቀርቷል። ያንኑ 12,000 ብር በአንድ ጊዜ ቢያወጣ ኖሮ የሚቆረጥበት 700 ብር ብቻ ነበር። ማሽኑ የሚሰጠው መጠን የተወሰነ ከሆነ፣ በካርድ ከቅርንጫፉ መስኮት ገንዘብ የሚከፍሉ ባንኮች መኖራቸውን ገብቶ መጠየቅ ይገባል።

ይህን ሁሉ ገና ከመነሻው ማስቀረት የሚቻልበት መንገድም አለ። በአሜሪካ ካፒታል ዋን በክሬዲት ካርዶቹ ላይ የውጭ ግብይት ክፍያ አይጠይቅም፤ ቻርልስ ሽዋብ ደግሞ ለአንድ ዓይነት የቼኪንግ ሂሳብ ደንበኞቹ የሌላው ባንክ ማሽን የቆረጠባቸውን ሳይቀር ይመልሳል። በእንግሊዝ አገር ስታርሊንግ የተባለው ባንክ ተመሳሳይ አሠራር አለው። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእኛ አገር አብዛኛው ግብይት በጥሬ ገንዘብ ስለሆነ እንግዳው ከማሽን ማውጣቱ አይቀርም፤ በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ደግሞ በባንኩ ዘንድ እንደ ብድር ተቆጥሮ፣ የራሱ ክፍያ ተጨምሮበት ወለዱ ብዙውን ጊዜ ከዚያው ዕለት ጀምሮ መታሰብ ይጀምራል። ስለዚህ ለመንገድ የሚበጀው ከራስ ሂሳብ የሚቀንሰው ዴቢት ካርድ ነው። ከዚህ ጋር ንጹሕ የዶላር ኖት ይዞ መጥቶ፣ ከተወሰነው መጠን በላይ ሲሆን በጉምሩክ አስመዝግቦ፣ በባንክ መስኮት በደረሰኝ መመንዘር የተቆረጠውን ክፍያ ያስቀራል። እኔ ብጠየቅ ካርዱን ለክፉ ቀን፣ ኖቱን ለበዓሉ ወጪ እላለሁ።

ስለ ክፉ ቀን ካነሣን አይቀር፣ ደሴና ኮምቦልቻ ይህን በተግባር አይተውታል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተሞቹ በጦርነቱ በተያዙባቸው ሳምንታት ባንኮቹ ተዘግተው ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ፣ በእጅ ስልክ ገንዘብ ማንቀሳቀስ የለመደው ሰው ለብዙ ወራት ተቸግሯል። አንዱን መንገድ ብቻ ተማምኖ ቤተሰቡን ባዶ እጁን ማስቀረት ለክፍያ ከመጨነቅ የከፋ መሆኑን የሚያውቅ ያውቀዋል።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚጓዙትን እንመልከት። ለትንሣኤ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሚሳለሙ እናቶችና አባቶች ከየከተማው ይሄዳሉ። በብር የሚሠራው ተራ የባንክ ካርዳችን በአብዛኛው ከአገር ሲወጡ አይሠራም፤ ተሳላሚው ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና የአውሮፕላን ትኬቱን አቅርቦ ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ወይም ባንኩ በዶላር የሚሞላ የጉዞ ካርድ ይሰጠዋል። ችግሩ የሚመጣው እዚያ ሲደርሱ ነው። የአገሩ ገንዘብ ሸቀል ነው። ማሽኑ ወይም ባለሱቁ «በዶላር ይቁረጥልዎ ወይስ በሸቀል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ካርዱ በዶላር የተሞላ መሆኑን የሚያውቅ ሰው «በዶላር» ብሎ መመለሱ የሚጠበቅ ነው። አመክንዮው ትክክል ይመስላል፤ ሆኖም ወጥመዱ ያለው እዚያው ላይ ነው። በዶላር ይሁን ባሉ ጊዜ ምንዛሪውን የሚተምነው የማሽኑ ባለቤት ሲሆን፣ በልማድ ካርዱ ድርጅት ከሚተምነው የባሰ ዋጋ ይሰጣል። በሸቀል ይሁን ቢሉ የሚመነዝረው የካርዱ ድርጅት ነው። ደንቡ በየትኛውም አገር ያው ነው፤ ሁልጊዜ የቆሙበትን አገር ገንዘብ መምረጥ ነው። «ኮሚሽን አንወስድም» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ መንዛሪም ቢሆን በነፃ አይሠራም፤ ኮሚሽኑን በዋጋው ውስጥ ደብቆታል።

ይህ ሁሉ ግን ከሀብታሙ እንግዳና ከተሳላሚው ይልቅ የሚጎዳው ሌላ ሰው አለ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም የእርሷ ነገር ነው።

ከደቡብ ወሎ ወረዳዎች፣ ከደሴና ከኮምቦልቻም ጭምር፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ኤምሬትስና ወደ ሊባኖስ ለቤት ሠራተኝነት የሄዱት እኅቶቻችን ብዙ ናቸው። መስቀልን በሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሆነው ያስቡታል። ደመራው ሲለኮስ ማየት ባይችሉም፣ «እማዬ፣ ለበዓሉ ደረሰሽ ወይ?» ብለው ደውለው ሳይጠይቁ አያድሩም። እናትም «ደርሶኛል ልጄ፣ አብሽሪ» ትላለች። ምን ያህል እንደደረሳት ግን አትናገርም፤ ልጅም ይሉኝታ ይዟት አትጠይቅም። እነሆ፣ መንገድ ላይ የሚቀረው ገንዘብ የሚደበቀው በዚህች ዝምታ ውስጥ ነው።

ደመወዟ በወር 1,000 ሪያል ነው እንበል። የሳዑዲ ሪያል ለአንድ ዶላር 3.75 ሆኖ ከተወሰነ ብዙ ዘመን ስለሆነው፣ ይህ 267 ዶላር ገደማ ይሆናል። አንድ ላኪ ድርጅት ለያንዳንዱ መላኪያ 20 ሪያል የሚያስከፍል ቢሆን፣ ልጅቱ 500 ስትልክ 4 በመቶ፣ 200 ስትልክ 10 በመቶ ከፍላለች። ለሦስቱ የመስከረም በዓላት ሦስት ጊዜ ከላከች 60 ሪያል ነው፤ ይኸውም የሁለት ቀን ደመወዟ ማለት ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ጠቅልላ ብትልክና እናት ለየበዓሉ ከፋፍላ ብታውለው 40 ሪያል በእጇ ይቀር ነበር። ሁለት ሦስት የአንድ ሰፈር ልጆች ገንዘባቸውን አዋጥተው በአንድ ስም ሲልኩ መኖራቸውን እሰማለሁ። መተማመኑ ካለ መልካም ዘዴ ነው፤ ነገር ግን የተላከው ለማን ለማን እንደሆነ በጽሑፍ ቢያዝ ከበዓሉ በኋላ የሚነሣውን ቅሬታ ያስቀራል።

ከመላኪያው ክፍያ የበለጠ የሚወስደው ደግሞ የምንዛሪው ልዩነት ነው። በዚያው በ140 ብር ስሌት፣ የባንኮች አማካይ ዋጋ 140 ሆኖ ሳለ ላኪው ድርጅት 133 ብር ቢሰጥ፣ 5 በመቶ ያለ አንዳች ደረሰኝ ተቀነሰ ማለት ነው፤ ከ200 ዶላር ላይ 1,400 ብር ይሆናል። ማስታወቂያው ላይ ግን «ያለ ክፍያ እንልካለን» የሚል ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ጥያቄው «ክፍያችሁ ስንት ነው?» መሆን የለበትም። ትክክለኛው ጥያቄ «ይህን ያህል ሪያል ብሰጣችሁ እናቴ እጅ ስንት ብር ይገባል?» የሚለው ነው። ይህንኑ ጥያቄ ለሁለት ለሦስት ድርጅት በአንድ ቀን ማቅረብና መልሱን ማነጻጸር ሌላ ዕውቀት አይጠይቅም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ባንክ በሚያወጣው ጥናት መሠረት 200 ዶላር ወደ ሌላ አገር ለመላክ የሚከፈለው በዓለም ደረጃ በአማካይ ከ6 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ከሰሐራ በታች ወዳሉ የአፍሪካ አገሮች ሲሆን ከዚያም ይብሳል። የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ይህን እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ከ3 በመቶ በታች ለማውረድ ተስማምተዋል። ከሁሉ ድሃ የሆነው ላኪ ከሁሉ የበዛውን መቶኛ መክፈሉ የዚህ ንግድ አሳፋሪ ገጽታው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጥቁር ገበያው ሳይነሣ ሊታለፍ አይቻልም። ሕግ የከለከለው መሆኑ ግልጽ ነው። ቢሆንም ሰዉ ለምን እንደሚሄድበት ሳንመረምር ማውገዙ ብቻ አይበቃም። ብዙ ዓመት በባንክና በጓዳ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ስለነበር፣ በሰው እጅ የላከ ሰው ለቤተሰቡ ብዙ ብር ይጨምርለት ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ባወጀ ጊዜ፣ በንግድ ባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 74 ብር ወጣ፤ በጥቂት ሳምንታትም ከ100 ብር አለፈ። ልዩነቱ በመጀመሪያ እጅግ ጠበበ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ተመልሶ ሲሰፋ ታየ። የሆነ ሆኖ በሰው እጅ የሚላክ ገንዘብ ደረሰኝ የለውም። ተቀባዩ ቢክድ፣ አድራሹ ቢያዝ፣ ስልኩን ቢዘጋ የምትከስሰው የለህም። በሪያድ ወጥ ቤት ስድስት ወር የተጠራቀመ ደመወዝ በአንድ የተዘጋ ስልክ ሲጠፋ ማየት፣ ከማናቸውም የባንክ ክፍያ በላይ ያማል። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ልጆቻችንን ወደ ባንክ መመለስ የሚቻለው በማስፈራራት አይደለም፣ የባንኩ መንገድ የሚያስከፍለውን ሁሉ ፊት ለፊት በማሳየት ነው።

ለዚህ ደግሞ ምሳሌ አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ደንብ፣ በአባል አገሮቹ መካከል በዩሮ የሚፈጸም ክፍያ ድንበር ተሻገረ ተብሎ ከአገር ውስጡ የበለጠ እንዳይከፈልበት ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ፣ ማሽን ምንዛሪ ሲያቀርብ ዋጋው ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ዋጋ በመቶ ስንት እንደሚበልጥ ለደንበኛው እንዲያሳይ የሚያስገድድ ደንብ ጨመረ። እኛ የጋራ ገንዘብ ስለሌለን የመጀመሪያውን መኮረጅ አንችልም። ሁለተኛውን ግን ምን ይከለክለናል? ብሔራዊ ባንክ የዕለቱን አማካይ ዋጋ በየቀኑ ያወጣል። በሐዋላ የመጣ ገንዘብ የሚከፍል ማንኛውም መስኮት፣ በደረሰኙ ላይ የዕለቱን አማካይ ዋጋና እርሱ የሰጠውን ዋጋ ጎን ለጎን ቢጽፍ፣ ወጪው ከአንድ መስመር ቀለም አይበልጥም።

ከዚህ ጋር የስለቱና የአብያተ ክርስቲያናቱ መዋጮ ነገርም መነሣት አለበት። ከባሕር ማዶ ያሉ ምእመናን ለደብራቸው ሕንፃና ለጉልላቱ ማሠሪያ ገንዘብ ይልካሉ። አሥሩ ሰው ለየብቻው 20 ዶላር ሲልክ ክፍያው አሥር ጊዜ ይቆረጣል፤ አንዱ ሰብስቦ 200 ዶላር በደብሩ ስም ወደተከፈተው ሂሳብ ሲያስገባ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሰበካ ጉባኤዎች የሂሳብ ቁጥራቸውን በየግለሰቡ ስልክ ከሚያዞሩ፣ በየከተማው ካለው ማኅበር አንድ ሰብሳቢ እንዲኖር ቢያደርጉ ቁጥጥሩም ይቀላል። በበዓል ሰሞን በደብር ስም የሐሰት የሂሳብ ቁጥር የሚበትኑ አጭበርባሪዎች ስለማይጠፉ፣ ቁጥሩን ከደብሩ ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ግድ ነው።

በማሽኑ ፊት ተሰልፈው የሚስጥር ቁጥራቸውን ለማያውቁት ጎረምሳ «ልጄ፣ አንተ ንካልኝ» ብለው የሚሰጡ እናቶችም ያሳስባሉ። ሰዉ ጥሩ ነውና ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፤ ሲሆን ግን የዓመት ልፋት ነው። ከቤት አንድ የሚታመን ልጅ ይዞ መሄድ፣ ወይም ቅርንጫፉ ውስጥ ገብቶ በደብተር ማውጣት ይሻላል፤ ወረፋው ቢረዝምም።

ለደሴና ለኮምቦልቻ የባንክ ቅርንጫፎች ያለኝ ጥያቄ ብዙ አይደለም። በነሐሴና በመስከረም፣ እንዲሁም በገናና በትንሣኤ ዋዜማ፣ በበሩ ላይ አንድ ሰሌዳ ይቁም። የዕለቱ የመግዣ ዋጋ በዶላር፣ በሪያልና በድርሃም፣ በውጭ ካርድ ብር ለሚያወጣ እንግዳ የሚቆረጠው ክፍያ፣ ከውጭ የተላከ ገንዘብ ለመቀበል ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ በጉልህ ይጻፍበት። ጽሑፉም በአማርኛ ይሁን። ዳዊት የሚደግሙ እናቶች ፊደል ለማንበብ አይቸገሩም። የሚቸገሩት በእንግሊዝኛ በታተመ ደረሰኝ ነው፤ ያንንም አጣጥፈው መሐረባቸው ውስጥ ቋጥረው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።